ዔሊ ያላየው፦ የመካንነትን ምክንያት በራጅና በአልትራሳውንድ ስለ መመርመር

የጥናቱ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 1፥1-20

የጥናቱ ዓላማ፦ ልጅ ያልወለደች እኅት ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚያስፈልጋት፣ ምርመራው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ተረድተን፣ በቤታችንም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ሳናይ ከመፍረድ እንድንጠበቅ።

በልማት ሥራችን ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። ዛሬ ግን በየአጥቢያው በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ ስለማይነገር ችግር እንማራለን። ይኸውም ልጅ ያለመውለድ ችግር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ችግር ያጋጥማቸዋል። እንግዲህ በአጥቢያችን ወንበሮች ላይ በየሳምንቱ አጠገባችን የሚቀመጥ ችግር ነው ማለት ነው።

1. ዔሊ ያየውና ያላየው

ሐና በሴሎ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ተቀምጦ ይመለከታት ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፅዋን ግን አልሰማም። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ሰክራለች ብሎ ፈረደባት፤ ገሠጻትም። ሐናም በትሕትና መለሰችለት። የወይን ጠጅ እንዳልጠጣች፣ ነገር ግን ልቧ እጅግ እንዳዘነ ነገረችው። ያን ጊዜ ዔሊ ቃሉን መልሶ ባረካት።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

ሀ) ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ስሕተቱ ከውጭ ያየውን ብቻ ይዞ ስለ ውስጡ መፍረዱ ነው።

ለ) ክፍሉ እግዚአብሔር የሐናን ማሕፀን እንደ ዘጋ ይናገራል። ነገር ግን ሐና በኃጢአትዋ ምክንያት እንደ ተቀጣች አንድም ቦታ አይናገርም። ስለዚህ ይህን ቃል አንሥተን በጎረቤታችን ላይ የምንወረውረው ድንጋይ ልናደርገው ሥልጣን አልተሰጠንም።

ሐ) ዔሊ እውነቱን በሰማ ጊዜ ቃሉን ለመለወጥ አላፈረም። ይህ ለሽማግሌዎች ታላቅ ምሳሌ ነው።

በዛሬው ዘመን እግዚአብሔር ለሰው ልጅ በሰጠው ጥበብ፣ ሐኪሞች ዔሊ ሊያይ ያልቻለውን የሰውነት ውስጥ ለማየት ችለዋል። ሆኖም መሣሪያው እያለ እኛ አሁንም ከከንፈር አይተን የምንፈርድ ከሆነ ጥፋታችን ከዔሊ ይብሳል።

2. የአንዲት እኅት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ወረዳ አንዲት እኅት ወደ ቢሮአችን መጣች። ታሪኳን እንድጽፍ እርስዋም ባልዋም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና መንደራቸውን ግን ትቻለሁ። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ፀንሳ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ አልፀነሰችም። የባልዋ ዘመዶች ሌላ ሚስት እንዲያገባ ይገፋፉት ነበር። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከጋብቻ በፊት የሠራችው ኃጢአት ነው ይላል። የአጥቢያዋ ሽማግሌዎችም ከመከር በኋላ ጉዳዩን ሊመለከቱ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

እኔም ነገሩ ስላሳዘነኝ ከምእመናን የመጓጓዣና የምርመራ ገንዘብ አሰባስቤ፣ እርስዋንና ታላቅ እኅትዋን ይዤ ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄድሁ። ባልዋ እርሻ ላይ ስለ ነበር አላስቸገርሁትም። ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማችንና ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። የመጀመሪያው፣ "ባለቤትሽ የት አለ? የእሱስ ምርመራ ውጤት የታለ?" የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ "የወር አበባሽ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?" የሚል ነበር። ሃያ ቀን አልፎት ነበር። "ለዚህ ራጅ ጊዜው አልፏል፤ ፅንስ ቢኖር እንጎዳዋለን። ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ የወር አበባሽ በጀመረ ቀን ደውይልን" አለቻት።

የሰው ገንዘብ አውጥተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። በአውቶቡስ ውስጥ እኅታችን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ስሕተቱ ግን የእኔ ነበር። ሳልጠይቅ፣ ችግሩ ከእርስዋ ነው ብዬ በልቤ ፈርጄ ነበርና። ይህን ጥናት የጻፍሁትም ሌላ አገልጋይ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ነው።

3. ፅንስ የሚያልፍበት መንገድ

ምርመራው እንዲገባን አስቀድመን የሰውነትን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ማሕፀን ተገልብጦ እንደ ተቀመጠ ትንሽ ቅል ይመስላል። ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቱቦ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጫፉ እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣቶች ሆኖ፣ እንቁላል ወደሚመረትበት አካል፣ ይኸውም ወደ እንቁልጢ ይጠጋል።

በየወሩ፣ የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከአንዱ እንቁልጢ አንድ እንቁላል ይወጣል። ቱቦው እንቁላሉን ይቀበላል። የወንዱ ዘርም በማሕፀን በኩል መጥቶ በዚያው በቱቦው ውስጥ ያገኘዋል። የተዋሐደው እንቁላል ጥቂት ቀናት ተጉዞ ወደ ማሕፀን ይወርድና በግድግዳው ላይ ይተከላል።

እንግዲህ ሐኪም የሚፈልገው የአራት ጥያቄዎችን መልስ ነው። የወንዱ ዘር ደኅና ነውን? እንቁላል በየጊዜው ይወጣልን? መንገዱ፣ ማለትም ቱቦው ክፍት ነውን? ፅንሱ የሚያርፍበት የማሕፀን ውስጥ ደኅና ነውን? ራጅና አልትራሳውንድ በተለይ የኋለኞቹን ሦስቱን ለመመለስ ይረዳሉ።

4. ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ

ባልና ሚስት ያለ ምንም መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ፅንስ ካልመጣ ወደ ሐኪም ቢሄዱ ይገባል። ሚስቲቱ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ መቆየት የለባቸውም። የወር አበባዋ የሚዛባ ወይም ከዚህ ቀደም የማሕፀን ኢንፌክሽን የነበረባት እንደ ሆነ ጊዜውን ሳትጠብቅ ትሂድ።

ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት በወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ይገኛል፤ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን ለላቦራቶሪ መስጠት ብቻ ነው። ሕመም የለውም፤ ዋጋውም ከራጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሚስትን በመሣሪያ ከማስመርመር አስቀድሞ ይህ ሊሠራ ይገባል። "እኔ ከሌላ ወልጃለሁ" የሚል ወንድም ቢሆን ነፃ አይደለም። ከዓመታት በፊት የወለደ ሰው ዛሬ ችግር ሊኖርበት ይችላልና።

5. አልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፣ ሲመለስ ምስል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ኢያን ዶናልድ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ይህን መሣሪያ ለሴቶች ሕክምና ተጠቅሞ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። ጨረር ስለሌለው ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። በሆድ ላይ ወይም በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ይሠራል። ሁለተኛው በቅርብ ስለሚያይ ለዚህ ችግር የተሻለ ነው። እኅቶች ስለዚህ ነገር አስቀድሞ ካልተነገራቸው ስለሚደነግጡ፣ የሚሸኟቸው ሰዎች አስቀድመው ቢያስረዱአቸው መልካም ነው።

አልትራሳውንድ ከሚያሳያቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ) የማሕፀን ዕጢ (ማዮማ)። ብዙ ሴቶች ዕጢ እያላቸው ይወልዳሉ። ወደ ማሕፀን ውስጥ ገብቶ የፅንሱን ማረፊያ የሚያበላሸው ዕጢ ግን እንቅፋት ይሆናል።

ለ) የእንቁላል አለመውጣት። ሐኪሙ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ በማየት እንቁላሉ ያለበት ትንሽ ከረጢት ሲያድግ ይከታተላል። ከረጢቱ ከመፈንዳቱ በፊት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። በአንዳንድ ሴቶች ግን ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱም አድጎ አይፈነዳም። የወር አበባቸውም ይዘገያል። ይህ ችግር በብዙዎች ዘንድ በሚዋጥ ኪኒን ሊታከም የሚችል ነው።

ሐ) በእንቁልጢ ላይ የሚገኝ የውኃ ወይም የደም ቋጠሮ።

መ) ፈሳሽ የሞላበት ቱቦ። ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ፈሳሽ ሲጠራቀምበት አብጦ ይታያል። ደኅና የሆነ ቱቦ ግን በተራው አልትራሳውንድ አይታይም። ስለዚህ "አልትራሳውንድ ታይቼ ደኅና ነሽ ተባልሁ" ማለት ቱቦዬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ይህን ብዙዎች ስለማያውቁ ዓመታት ያልፉባቸዋል።

6. የማሕፀን ቱቦ ራጅ

ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1914፣ ሐኪሞች ወደ ማሕፀን ፈሳሽ አስገብተው በራጅ ማየት ጀምረው ነበር። ማሕፀንና ቱቦ ሥጋ ስለሆኑ በተራ ራጅ ተለይተው አይታዩም። በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ ሲገባባቸው ግን ቅርጻቸው ይወጣል። በሕክምና ቋንቋ ሂስተሮሳልፒንጎግራፊ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እኅት በምርመራ አልጋ ላይ ትተኛለች። በማሕፀን በር በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ፈሳሹ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ፈሳሹ አስቀድሞ ማሕፀኑን ይሞላል፤ በስተላይ በኩል ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይታያል። ቀጥሎ በሁለቱ ቱቦዎች እንደ ቀጭን ክር ያልፋል። ክፍት ከሆኑ ከጫፋቸው ወጥቶ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲበተን ይታያል። ዝግ ከሆኑ በተዘጋበት ቦታ ይቆማል። ሥራው በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ይሰማታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ከአንድ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻ ብትወስድ ይቀላታል።

እኅትን ወደዚህ ምርመራ የምትልኩ ሁሉ የሚከተለውን አስታውሱ።

ሀ) ቀኑ፦ የወር አበባ ከደረቀ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት፣ ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ከጀመረ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። ከወር አበባዋ መጀመሪያ እስከ ምርመራው ድረስ ከባልዋ ጋር አትገናኝም።

ለ) የማይሠራበት ጊዜ፦ ፅንስ ሊኖር የሚችል ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካላት አይሠራም። አስቀድሞ ኢንፌክሽኑ ይታከማል።

ሐ) መናገር ያለባት፦ ከዚህ ቀደም የማሕፀን ኢንፌክሽን ወይም ቲቢ ይዟት ከነበረ፣ ለአዮዲን ወይም ለማንኛውም መድኃኒት ሰውነቷ የሚቈጣ ከሆነ ለሐኪሙ ትንገረው።

መ) ከምርመራው በኋላ፦ ጥቂት ደምና ፈሳሽ አንድ ሁለት ቀን ሊታይ ይችላል። ትኩሳት፣ የሚበረታ ሕመም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትመለስ። ከሩቅ የመጣች እኅት በዚያው ቀን በሌሊት መኪና እንዳትመለስ፣ አንድ ሁለት ቀን በከተማ የምታርፍበት ቤት ብናዘጋጅላት መልካም ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ይህ ምርመራ ለአንዳንዶች ራሱ እርዳታ ይሆናል። በኔዘርላንድ 27 ሆስፒታሎች በ1,119 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ዘይትነት ባለው ፈሳሽ ከተመረመሩት በስድስት ወር ውስጥ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ፅንስ አግኝተዋል። ውኃነት ባለው ፈሳሽ ከተመረመሩት ግን ያገኙት ከ100 29 ያህሉ ነበሩ። ይህ ጥናት የተደረገው ቱቦአቸው ይዘጋል ተብሎ ባልተጠረጠረ ሴቶች ላይ ስለሆነ ለሁሉ የሚሠራ ተስፋ አይደለም። ነገር ግን ምርመራን እንደ ፍርድ ቤት ብቻ ለሚፈሩ እኅቶች ሊነገር የሚገባው ነው።

7. ምስሉ የማያሳየው

ምስል መልካም ምስክር ነው፤ ሁሉን አዋቂ ግን አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ማወቅ ይገባናል።

ሀ) አንዳንድ ጊዜ ቱቦው ከማሕፀን በሚነሣበት ቦታ ላይ ከሕመም ወይም ከፍርሃት የተነሣ ይኮማተራል፤ በራጁም ዝግ መስሎ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ውጤት በድጋሚ ምርመራ ካልተረጋገጠ የመጨረሻ ተደርጎ አይወሰድም።

ለ) ራጅ የቱቦውን ውስጥ እንጂ ውጩን አያሳይም። ቱቦው ከአንጀት ጋር ቢጣበቅ ወይም የማሕፀን ግድግዳ ሕዋስ ወደ ሆድ ዕቃ ወጥቶ ቢበቅል ሊያመልጠው ይችላል። ለዚህ ሐኪሞች በማደንዘዣ፣ በእምብርት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው በካሜራ ይመለከታሉ። ላፓሮስኮፒ የሚባለው ይህ ነው።

ሐ) በራጅ ላይ ማሕፀኑ ለሁለት የተከፈለ መስሎ ሲታይ፣ በውስጡ ግድግዳ ይኑርበት ወይም ከመሠረቱ ሁለት ቀንድ ያለው ይሁን አይለይም። በዚህ ጊዜ የተሻለ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ሕክምናቸው ስለሚለያይ መለየቱ አስፈላጊ ነው።

መ) ከሁሉ በላይ ይህን ልብ በሉ። ራጅ ቱቦ መዘጋቱን ያሳያል እንጂ ማን እንደ ዘጋው አያሳይም። ቱቦን የሚዘጋው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከባል ወደ ሚስት የመጣ ሊሆን ይችላል። ከወሊድ ወይም ከፅንስ መጨንገፍ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሳል ሳይኖር ማሕፀንንና ቱቦን የሚይዝ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ወይም የትርፍ አንጀት መፈንዳት ያመጣው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራጅ ፊልም የዝሙት ማስረጃ ሆኖ በሽማግሌዎች ፊት ሊቀርብ ከቶ አይገባም።

8. ፊልሙ ወደ መንደር ሲመለስ

ወደ እኅታችን ታሪክ እንመለስ። በሁለተኛው ጉዞ ባልዋ አብሮን ሄደ። መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን የአጥቢያው መጋቢ ብቻውን ወስዶ አነጋገረው። የእርሱ ውጤት ደኅና ሆነ። በአልትራሳውንድ በእርስዋ ቀኝ በኩል ያበጠ ቱቦ ታየ። ከዚያ በትክክለኛው ቀን ራጅ ተነሣች። ሐኪሟ ፊልሙን በመብራት ሰሌዳ ላይ ሰቅላ ለሁለቱም አሳየቻቸው። ፈሳሹ በሁለቱም ቱቦዎች እስከ ጫፍ ደርሶ ቆሟል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣችም።

ወደ መንደር በተመለስን ጊዜ ዘመዶች ተሰብስበው ጠበቁን። የባልዋ ታላቅ ወንድም ፊልሙን ከፖስታው አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣውና፣ "ይኸው፣ ራጁም መሰከረባት" አለ። ስለ ራጅ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ፍርዱ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር።

እኔም ሐኪሟ እንዳስረዳችን አስረድቼ ወደ አማትዋ ዘወር አልሁ። "እማማ፣ ሕፃኑ ሞቶ ከተወለደ በኋላ ትኩሳት ይዟት ነበርን?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አዎ ልጄ፤ ዐሥር ቀን ያህል እንደ እሳት ስትነድ ከረመች። ሽታም ነበረው። ምች መስሎን ዳማ ከሴ አጠጣናት" አሉ። ሐኪሟ ለመዘጋቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ያለችው ይህንኑ ትኩሳት መሆኑን ነገርኋቸው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አለቀሱ። ጎረቤት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ሲል አይሆንም ያሉት እርሳቸው ነበሩና።

በዚህ ጊዜ ሌላ ፈተና መጣ። ዘመዶቹ ጣታቸውን ከእኅታችን አንሥተው ወደ እማማ ሊያዞሩ ጀመሩ። መጋቢው ተነሥቶ፣ ማንም ሆን ብሎ ያደረገው እንዳልሆነ፣ እማማም የሚያውቁትን ሁሉ እንዳደረጉ ተናገረ። ሽማግሌዎቹም ለመለያየት የያዙትን ቀጠሮ ሰረዙ። በእኔ ግምት ያን ቀን እነዚህ ሽማግሌዎች ዔሊ በመጨረሻ እንዳደረገው ቃላቸውን መልሰዋል።

ሐኪሞቹ ያሏቸውን መንገዶች ነግረዋቸዋል። በቀዶ ሕክምና ቱቦን መክፈት ይቻላል፤ ብዙ የተጎዳ ቱቦ ግን ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል፤ ፅንስም በዚያው በቱቦ ውስጥ ሊያድግና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሌላው መንገድ እንቁላልንና ዘርን ከማሕፀን ውጭ አዋሕዶ ወደ ማሕፀን መመለስ ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች፤ የእናትዋ ቱቦዎች ዝግ ነበሩ። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ከፍቷል። ሆኖም ለገበሬ ቤተሰብ መንገዱም ወጪውም ከባድ ነው።

እኅታችን እስከ ዛሬ አልወለደችም። ከባልዋ ጋር ግን አብረው ናቸው፤ ወላጆቹን ያጣ የዘመድ ልጅም ወስደው ያሳድጋሉ። አንድ ቀን፣ "ወንድሜ፣ ልጅ ባላገኝም ስሜን አገኘሁ" አለችኝ። ይህን ቃሏን አልረሳውም።

9. መንገዱ ሳይዘጋ

የዓለም የጤና ድርጅት በ25 አገሮች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሴቶች መካንነት ከሌሎች አካባቢዎች ይልቅ ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ይህ አሳዛኝ ዜና ነው፤ ነገር ግን ተስፋም አለበት። ኢንፌክሽን ሊከላከሉት የሚቻል ነውና። በአልትራሳውንድና በራጅ ዛሬ የምናየው ጠባሳ፣ ከዓመታት በፊት በጥቂት መድኃኒት ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

ስለዚህ እናንተ ደጋፊዎቻችን ለእናቶች ማቆያ፣ ለአምቡላንስ ነዳጅ፣ ለጤና ትምህርት የምትሰጡት ስጦታ የሕፃናትን ሕይወት ከማዳን አልፎ የነገውንም ማሕፀን ይጠብቃል። በየአጥቢያው ሦስት ነገር እናስተምር። እናቶች በጤና ተቋም ይውለዱ። ከወሊድ ወይም ከፅንስ መጨንገፍ በኋላ ትኩሳት የያዛት እናት "ምች ነው" ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የአባለ ዘር በሽታ ሲገኝ ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ።

10. ጸሎትና ምርመራ

አንዳንድ ወገኖች ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ ነው ይላሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ሐኪም እንደ ነበረ ከቈላስይስ መልእክት እናውቃለን። ሐናም ስትጸልይ ኀዘኗን አልደበቀችም፤ በእግዚአብሔር ፊት ገልጣ አፈሰሰችው እንጂ። ምርመራም የተደበቀውን መግለጥ ነው። የምንጸልይለትን ነገር አውቀን ብንጸልይ፣ እምነታችን ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ውጤቱ መልካም ባይሆን እንኳ፣ ሴት በልጅ ብዛት ሳይሆን በእግዚአብሔር መልክ በመፈጠርዋ የከበረች መሆኗን ቤተ ክርስቲያን በቃልም በሥራም ማሳየት አለባት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዔሊ በሐና ላይ የፈረደው ምን አይቶ ነበር? በአጥቢያችን ልጅ ባልወለዱ ሰዎች ላይ የሚሰነዘሩት ቃላት የትኞቹ ናቸው?

2. ባል ከሚስቱ ጋር ለምርመራ እንዳይሄድ የሚከለክለው ምንድን ነው? ወንዶች አገልጋዮች በዚህ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

3. "አልትራሳውንድ ታይቼ ደኅና ነኝ" የምትል እኅት ምን ልንነግራት ይገባል?

4. የራጅ ፊልም ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም? በሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ እንዴት ልንመለከተው ይገባል?

5. ከአጥቢያችን ወደ ከተማ ለምርመራ ለምትሄድ እኅት ቀኑን በመቍጠር፣ በማደሪያና በመጓጓዣ ምን ልንረዳት እንችላለን?

የጸሎት ርእሶች

ልጅ በመናፈቅ ለሚያለቅሱ ባልና ሚስቶች፤ በየሆስፒታሉ ለሚያገለግሉ ሐኪሞችና የራጅ ባለሙያዎች፤ በቤት ውስጥ ለሚያምጡ እናቶች፤ ለመፍረድ ከመቸኰል እንዲጠበቁ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፤ ለእኔም፣ ከመላኬ በፊት መጠየቅን እንድማር ጸልዩ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።